ፊደል የሌላቸው ቫልቮች

አባ ምስል ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ወድቆ ተገኘ። ካቻቢቴው አጠገቡ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ጀርባው የተከፈተ አሮጌ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ ሌላው ባለሙያ «ጣሉት» ያለውን ቴሌቪዥን ሁሉ ጠግኖ ምስል ስለሚያወጣለት አባ ምስል ብሎ አስቀርቶታል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ሻይ እንኳ ብርጭቆውን ሳትመረምር አትጠጣም እያሉ ይቀልዱባታል።

«ጣቱን ኤሌክትሪክ አቃጥሎታል» አላት ሐኪሙ። «ጤነኛ ልብ ቢሆን ኖሮ በድንጋጤ ብቻ ያልፈው ነበር። የእሱ ግን በመድኃኒት ነው የከረመው።»

«ሶኬቱ እኮ ተነቅሏል።»

«እሱን እነሱን ጠይቂያቸው።»

እነሱ ሦስት ናቸው፦ ሱቁ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራው ታናሽ ወንድሙ፣ ነርስ የሆነችው አንድዬ ልጁና ሬሳውን ያገኘው የቴሌቪዥኑ ባለቤት።

ባለቤትየው ሆቴል አለው፤ ቴሌቪዥኑን ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ ፈልጎታል። «ልወስደው ስመጣ ወድቀው አገኘኋቸው» አለ። «ዕቃው ስነካው ገና ይሞቅ ነበር።»

ልጅቱ አላስጨረሰችውም። «አጎቴ ነው የገደለው! ትናንት ‹ካልተውክ አስተውሃለሁ› ብሎ ሲጮህበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ብለዋል?» አለች መርማሪዋ።

«ብያለሁ» አለ ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ። «እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ደክሟል። ይበቃሃል አልኩት።»

«ሶኬቱ ተነቅሎ እንዴት ያዛቸው?»

«ትልቁ የምስል መስታወት ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያል። ሳንነካው በፊት በዚህ ካቻቢቴ እናስወጣዋለን። ካቻቢቴው ላይ የታሰረው ሽቦ ሌላኛው ጫፉ መቆንጠጫ አለው፤ እሱ ከቴሌቪዥኑ ብረት ጋር ተያይዞ መቆየት አለበት። ካልተያያዘ ኃይሉ መውጫ የለውም።»

«አሁን አልተያያዘም።»

ወንድምየው ልጅቱን አየት አደረጋት። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። ሳጸዳ ነቅዬ መመለሱን ረሳሁ።»

«ረሳሁ ይላል እንዴ! ገዳይ!» ልጅቱ ልትይዘው ስትል ሐኪሙ ከለከላት።

ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ሰውየው አምኗል፤ ዝቷልም፤ እስር ቤት ይጠብቀዋል። መርፌ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለች። በውስጡ ያሉት፣ ትንንሽ አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ቫልቮች እንደታጠበ ብርጭቆ ያበራሉ፤ ጽሑፍ የለባቸውም። መደርደሪያው ላይ ባለው ሌላ ቴሌቪዥን ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቫልቭ ነጭ ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል፤ በዙሪያው ያለው አቧራ ብቻ ነው የተነሳው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ የቀረውንም የካቻቢቴውን ሽቦ አየችው። ያየችው ነገር ደስ አላሰኛትም።

ከመሳቢያው አቧራ የለበሱ ሦስት ቫልቮች አውጥታ ለሦስቱም ሰጠች። «አጽዱልኝ፤ የምትፈልጉትን ከጠረጴዛው ውሰዱ።»

የሆቴሉ ባለቤት እፍ ብሎበት በከረባቱ አሸት አሸት አደረገው። ወንድምየው ቫልቩን ከእግሩ በኩል ይዞ ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አነሳ፤ ፊደሎቹ ጋ ሲደርስ እጁ በራሱ ቆመ። ልጅቱ ከቦርሳዋ ጥጥና አልኮል አወጣች። ዙሪያውን ወልውላ ስትጨርስ ቫልቩ አበራ፤ ጥጡ ላይ ነጭ ቀለም ቀረ።

«ይህ ቀለም በአውራ ጣት እንኳ ይለቃል» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ። «ፊደሉ ከጠፋ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ይህን አያደርግም። እርስዎ አላጸዱትም፤ ወንድምዎም አላጸዱትም። የእርስዎ ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ተወሳስበው ተንጠልጥለዋል። የካቻቢቴው ሽቦ ግን እኩል እኩል ተጠቅልሎ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ክሊኒክ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ቱቦ እንደሚጠቀለለው። ያጸዳው ሰው ብረቱን ለመወልወል መቆንጠጫውን ነቀለ፤ ምን እንደሆነ አላወቀም። ሟች አብርተው ሞከሩት፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው። አጠፉት፣ ሶኬቱን ነቀሉ፣ መቆንጠጫው አለመያያዙን ሳያዩ በካቻቢቴው ነኩት። ኃይሉ የወጣ መሰላቸው። ከዚያ በእጃቸው ነኩት።»

ለሞተው ያላዘነችውን ያህል ለዚህች ልጅ አዘነች። እንደዚያን ቀን ሥራዋን ጠልታው አታውቅም።

«ጠዋት ተኝቶ ነበር» አለች ልጅቱ። «እጁ ስለሚንቀጠቀጥ... ሥራ ላቅልለት ብዬ ነው። ሲነቃ ይደሰታል ብዬ ነው።»

ወደ አጎቷ ቀና አለች።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ገዳይ ስልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር» አለ ወንድምየው፤ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። «‹ልጄ ቴሌቪዥኑን አጽድታልኝ ፊደሉን ሁሉ ጠርጋዋለች› ብሎ ሲስቅ፣ እኔም ስስቅ... ‹እንዳትነግራት፤ ካወቀች ታዝናለች› ብሎ አስማለኝ።»

ልጅቱ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ አለች። አጎቷ ሊያነሳት ሞክሮ አልሆንለት ሲል ወለሉ ላይ አብሯት ተቀመጠ።