ማዚን ያጠፋቸው መስመሮች

«ማዚን ብቻውን የጻፈው ነው» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ ኡስታዝ ተውፊቅ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ እያሳዩ። ክፍሉ አጨበጨበ። የኤደን እጆች ግን ከጭኗ አልተነሱም።

ጽሑፉ የእሷ ነበር። ባዶ ኮምፒውተርን ለፕሮግራም ሥራ የሚያዘጋጁ ትእዛዞችን እየለቀመች፣ በምትኖርበት በካላክላ ሰፈር መብራት በመጣ ቁጥር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እየሞከረች፣ በአንድ ፋይል ያቀናጀቻቸው እሷ ናት። ፋይሉ አንዴ ሥራ ከጀመረ ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያወርዳል፤ ኔት ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ለማዚን የላከችለት እንዲሞክርላት ብቻ ነበር። አብሮ አደጓ ነው፤ አባቱ የዚሁ አገር ሰው፣ ሱዳናዊ፣ እናቱ ደግሞ እንደ እሷ እናት የጎንደር ሰው።

በእረፍት ሰዓት በር ላይ ያዘችው።

«ስሜን ለምን አጠፋኸው?»

«ወላሂ፣ አታካብጂ» አለ ማዚን፣ ዓይኗን ላለማየት ወደ መንገዱ እየዞረ። «ትእዛዞቹ እንደሆነ ከኔት የተለቀሙ ናቸው። አንቺ አልፈጠርሻቸውም!»

«የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ኔት ነው የነገረኝ? ስንቴ ተበላሽቶብኝ እንደ አዲስ እንደጀመርኩ ታውቃለህ?»

«ኤዱ፣ ስሚኝ። የቡሪ ሰፈርን የልጆች ክበብ ኮምፒውተሮች የሚያዘጋጅ ሰው እየፈለጉ ነው። አንቺን ቢመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ አውራቅ ነው። የመኖሪያ ወረቀት አለሽ? የለሽም። ታዲያ ዝም ብሎ ከሚቀር እኔ ብጠቀምበት ምናለበት?»

ደሟ ፈላ። ይህን ያላት ሌላ ሰው ቢሆን ትችለው ነበር። ማዚን!

ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ቡሪ ሄደ። የክበቡ ልጆች ኮምፒውተሮቻቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ሙኒያ የምትባል ትንሽ ልጅ የኤደንን እጅጌ ጎትታ የሠራችውን የግመል ጨዋታ አሳየቻት። «ለወንድሜ ነው» አለቻት በዐረብኛ። «ገና አልጨረስኩትም።»

ማዚን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ሥራ የሚጀምረውን ፋይል ግድግዳው ላይ ከፈተ። ኤደን ከላይ እስከ ታች አየችው። ያጠፋው ስሟን ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተሩ የማያነባቸውን፣ ለሰው ብላ የጻፈቻቸውን ማስታወሻዎች ሁሉ ጠርጓቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ተጠንቀቅ፤ የሚቀጥለው ትእዛዝ አሮጌ ሥራዎችን በሙሉ ይሰርዛል» የሚል ነበር። ማስታወሻው የለም። ትእዛዙ ግን አለ።

ይጫነው፣ አለች በልቧ። ይዋረድ።

የማዚን ጣት ወደ ቁልፉ ወረደ። የሙኒያ ግመል ስክሪኑ ላይ ይዘላል።

«አጊፍ! አትንካው!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«የልጆቹን ሥራ ያጠፋዋል» አለች ኤደን።

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አሉ ኡስታዝ ተውፊቅ።

«የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ።»

ኡስታዝ ማዚንን አዩት። ማዚን አቀረቀረ። ኡስታዝ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ማዓሌሽ፣ ችግር የለም። የማንም ይሁን፣ ዋናው ሥራው ነው። ማዚን፣ እሱን መስመር አውጣና ቀጥል። ያላ!»

የማንም ይሁን! የኤደን ጆሮዎች ጋሉ። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ማዚን ጎንበስ ብሎ፣ ኡስታዝ እንዳይገባቸው በአማርኛ ሹክ አላት፦

«ኤዱ፣ በናትሽ፣ የቱ ነው መስመሩ?»

ኤደን ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ተነስ፤ እኔ ልቀመጥ» አለችው፤ በዐረብኛ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

ወንበሩን እስኪለቅላት ድረስም ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም።