ገፊዎቹ

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚሆን ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እኛ ላይ የደረሰው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከሞጣ ወደ ብቸና በሚወስደው መንገድ ላይ።

ስሜ ፀሐይነሽ ነው። የምኖረው ብቸና ነው። እኔና ባለቤቴ ዘመነ የጤፍ መውቂያ ማሽን አለን። ማሽኑ ባለ ጎማ ተሳቢ ላይ የተተከለ ከባድ ብረት ነው። በራሱ አይሄድም። የሚጎትተው ይፈልጋል።

እስከዚያ ድረስ የሰው ትራክተር እየለመንን ነበር የምናስጎትተው።

ያን ሰሞን ማሽኑ ሞጣ አካባቢ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። ብቸና ዙሪያ ደግሞ ገበሬው ጤፉን ከምሮ እየጠበቀን ነው። ሰማዩ ያለ ወቅቱ ማጉረምረም ጀምሯል። ዝናብ ቢመታው ያ ሁሉ ክምር ይበሰብሳል። ትራክተር ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ሥራ ላይ ነው።

"ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ እንግዛ። ከዚህ በላይ የሰው ደጅ አልጠናም።" አለ ዘመነ።

መካኒካችንን አምላኩን ይዘን መጀመሪያ ደጀን ወረድን። አንዱ መኪና ሲነሳ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሌላው ቀለሙ ያምራል... ከስሩ ግን ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ ነው። አምላኩ ገና ሲያየው እጁን አራገፈ።

"ይህ ያንን ማሽን ጎትቶ ዳገት ሊወጣ? ለሁለት ነው የሚከፈለው።"

በመጨረሻ ሞጣ፣ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ አንድ ፒክአፕ እንዳለ ሰማን።

ነጭ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ጥግ ይዞ ቆሟል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጭስ የለ፣ ዘይት አያንጠባጥብም። ዘመነ ዓይኑ በራ።

አምላኩ ከስሩ ገብቶ ተኛ።

ብዙ ቆየ...

"ምነው አምላኩ?" አልኩት።

"ተሳቢ የሚታሰርበት ጋንቾ አዲስ ነው። የመኪናው አይደለም፤ በኋላ የገባ ነው።"

"ሌላስ?"

ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ ኋላውን አየ።

"ባሌስትራው ለምን ተኛ?"

እኔም አየሁት። የመኪናው ኋላ ጭነት እንደተጫነበት ሁሉ ወደ መሬት ዝቅ ብሏል። ላዩ ላይ ግን አንዲት ጆንያ እንኳ የለም።

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን አዞሩ። "እንዲህ ነው የሚቆመው" አሉ።

ለሙከራ ባዶውን ይዘነው ወጣን። ከከተማው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ አቀበት እንኳ መውጣት አቃተው። በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ልክ የማይታይ ነገር ከኋላው የታሰረበት ይመስል...

አምላኩ ወርዶ ጎማዎቹን በእጁ ዳሰሰ።

"ፍሬኑ አልያዘም። ቀዝቃዛ ነው።"

"ታዲያ ምን ያዘው?"

"እኔ እንጃ።"

ስንመለስ ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ምንም ሳንነግራቸው "ባዶውን አይወድም። ወላሂ፣ ሞተሩ እንከን የለውም። ማሽናችሁን እሰሩለትና እዩት" አሉ።

ማሽኑ ወደቆመበት ወስደን አሰርንለት።

በረረ!

ያ አቀበት፣ ባዶውን ያስጨነቀው አቀበት፣ ከማሽኑ ጋር ሜዳ ሆነ። ዘመነ እንደ ልጅ ሳቀ። የዚያኑ ቀን ተስማምተን ተዋዋልን።

ልንወጣ ስንል አምላኩ ወደ ጎን ሳበኝ። ፊቱ ገርጥቷል።

"እኔ በአውቶቡስ ነው የምመለስ።"

"ለምን?"

"ማሽኑን ስናስር ባሌስትራውን አየሁት..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ክብደት ሲጨመርበት መውረድ ነበረበት። ተነሳ እኮ ፀሐይነሽ። ያረፈበት ነገር እንደወረደለት... ተነሳ።"

ይህን ብሎኝ ሄደ።

በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ የጋሽ እንድሪስ እናት፣ እማ ራዲያ፣ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ... ዳገት ላይ ከኋላ የሚገፋችሁ ካለ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ። እንዳታመሰግኑ።"

"ማንን ነው የማናመሰግነው እማ?"

ለቀቁኝና ወደ ቤት ገቡ።

መኪና ውስጥ ለዘመነ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "የገፋንን ካላመሰገንን ታዲያ ምኑን ሰው ሆንን?" አለ።

ከሞጣ ወጥተን ጥቂት እንደተጓዝን፣ ግንደወይን ሳንደርስ አንድ ረጅም ዳገት አለ። መንገዱ አቧራ ነው። አንድም መኪና አይታይም።

ዳገቱን ጀመርነው።

መኪናው ቀለለ። ከሞጣው አቀበት የበለጠ ቀለለ። ሞተሩ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ትንሽ ቆይቶ ዘመነ ሳቁን አቆመ።

"ፀሐይ..."

"አቤት።"

"እግሬን እይው።"

አየሁት። እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ አልነበረም። ወለሉ ላይ አርፏል።

እኛ ግን ዳገቱን እየወጣን ነው...

በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየሁ። አቧራ። ማሽኑ። ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ ሰማሁት።

መጀመሪያ የሞተሩ መሰለኝ። አይደለም። የብዙ ሰው ትንፋሽ ነው። ሰዎች ከባድ ነገር ሲገፉ እንደሚያደርጉት፣ እኩል የሚወጣ ድምፅ።

"ሆ... በል... ሆ..."

"ትሰማለህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"ሆ... በል... ሆ..."

ዘመነ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። ፈርቶ ይሁን ልማድ ሆኖበት እስካሁን አላወቅሁም። መስኮቱን አወረደና አንገቱን አወጣ። ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። አልደረስኩም።

"እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ!" አለ።

ድምፁ ቆመ።

ነፋሱም የቆመ መሰለኝ።

ከዚያ ድምፁ ተመለሰ። አሁን ግን በዝቷል። ቀርቧል። በደስታ ነው የሚገፉት... እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ፤ ደስ እንዳላቸው አውቃለሁ።

ጫፉ ላይ ደረስን። ዳገቱ አለቀ።

መግፋታቸው ግን አላለቀም።

ከጫፉ ወዲያ መንገዱ ወደ ገደል አፋፍ ይወርዳል፤ ጥምዝምዝ ነው። ዘመነ ፍሬን ያዘ። መኪናው አልሰማውም። እንደገና ያዘ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

"ያዝልን ዘመነ!"

"ይዣለሁ! ይዣለሁ! አልቆም አለኝ!"

ጥምዝምዙ ላይ አንዲት ሴት አህዮቿን ጭና ከገበያ ትመለሳለች። ዘመነ ጥሩምባውን ነፋ። ሴትዮዋ ዞራ አየችንና አህዮቹን መጎተት ጀመረች። አህዮቹ መንገዱ መሐል ደርቀው ቀሩ።

"በስመ አብ..."

ያን ጊዜ ምን እንደመጣልኝ አላውቅም። መስኮቱን አውርጄ ግማሽ አካሌን አወጣሁ። አቧራው ዓይኔን ሞላው። ወደ ኋላ ጮህኩ።

"በቃ! ዳገቱ አልቋል! ደርሰናል! ደርሰናል እኮ... እረፉ!"

መኪናው ቆመ።

ቀስ ብሎ አይደለም። በአንድ ጊዜ፣ ከአህዮቹ ፊት።

ሴትዮዋ "እግዚኦ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አህዮቿ ግን በእኛ በኩል ማለፍ እምቢ አሉ። መንገዱን ትተው በታረሰው ማሳ ዞረው ሄዱ። ብትመታቸውም፣ ብትለምናቸውም አልተመለሱላትም።

ወርደን ወደ ማሽኑ ኋላ ሄድን።

የማሽኑ ኋላ በአቧራ ተለብጧል። አቧራው ላይ የእጅ መዳፍ አለ። ትልቅ መዳፍ፣ ትንሽ መዳፍ፣ ጣት የጎደለው መዳፍ... አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል። ስፍር ቁጥር የለውም።

የአንዳንዱ ጣቶች ወደታች ተንሸራተው መሬት ድረስ ጭረዋል።

ዘመነ ወደ ጋቢናው ተመልሶ ቁጭ አለ። ማሽኑን እዚያ ጥለን መሄድ አንችልም። ተነሳን።

ነገር ግን መኪናው ከብዶ ነበር። ኋላው ዝቅ ብሏል። የሆነ ነገር ላዩ ላይ ወጥቶ የተቀመጠበት ይመስላል...

ግንደወይን ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። ለጋሽ እንድሪስ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

"እዚያው ዳገት ላይ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የወፍጮ ሞተር በተሳቢ ጭኖ ሲወጣ መኪናው ቆመበት። ከገበያ የሚመለሱ መንገደኞች 'አይዞህ' ብለው ገፉለት። ጫፉ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጋንቾው ተበጠሰ። ተሳቢው ወደ ኋላ... በላያቸው ላይ..."

"ለምን አልነገሩንም?"

"ብነግራችሁ ታምኑኝ ነበር? እኔም ሲነግሩኝ አላመንኩም ልጄ። ክፉዎች አይደሉም። ዳገቱ ማለቁን ስለማያውቁ ነው።"

"እኔ ነገርኳቸው" አልኩ።

"ምን አልሻቸው?"

"ደርሰናል፣ እረፉ... አልኳቸው።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

"ልጄ..." አሉ በመጨረሻ። "የት እንደሚያርፉ ነግረሻቸዋል?"

ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ እስከ ብቸና ድረስ መኪናው በየሜዳው ያቃስታል። ዘመነ በስፖኪዮው አያይም። እኔም አላይም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደብረ ወርቅን እንዳለፍን፣ ከጀርባችን ካለው መስታወት ላይ አንድ ሰው ትከሻውን ሲያስደግፍ እንደሚሰማው... ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አላልኩም።

ብቸና የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ግቢያችን ገብተን ዘመነ ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥ አለ።

ከዚያ የመኪናው ኋላ ነቅነቅ አለ። ትንሽ ከፍ አለ። እንደገና ነቅነቅ። ደግሞ ትንሽ ከፍ አለ። ሰዎች ተራ በተራ ሲወርዱ እንደሚያደርገው...

እጄን በዘመነ እጅ ላይ አደረግሁ።

የቤታችን በር ተከፈተ። የዘመነ እናት እማማ ፈንታነሽ ናቸው። አብረውን ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደህና ነው፣ አእምሯቸውም ደህና ነው። በሞተሩ ድምፅ ነው የወጡት።

አዩን። ከዚያ ከእኛ ኋላ ያለውን አዩ።

ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልነበረም። የእንግዳ ተቀባይ ፊት ነበር።

"ውይ... አንተ ዘመነ!" አሉ በቁጣ። "ይህን ሁሉ ሰው ደጅ ታቆመዋለህ እንዴ? ደክሟቸዋል እኮ!"

"እናቴ... እናቴ ተይ..." አለ ዘመነ።

እሳቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ወደ ጎን ቆሙ።

"ቤት ለእንግዳ። ግቡ... ግቡ የኔ ልጆች... ግቡ..."

ከጋቢናው ሳንወርድ አየናቸው። እማማ ፈንታነሽ በሩን ይዘው ለእያንዳንዱ ጎንበስ ይላሉ። ቀና ይላሉ። እንደገና ጎንበስ... እንደገና... ማለቂያ የለውም።

ግቢው ውስጥ አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅም ነበር። የነጠላቸው ጥለት ግን፣ አጠገባቸው ሰው በጥድፊያ ባለፈ ቁጥር እንደሚሆነው፣ ወደ ቤቱ ውስጥ እየተሳበ ይመለሳል... እየተሳበ ይመለሳል...