ማሽኑ ደህና ነው?

ቡና ማበጠሪያው ውስጥ «ሬዲዮ» ይሏታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም፤ ጠዋት ከተቀመጠችበት ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩን፣ የገበያውን፣ የመንግሥትንም ወሬ አንድ ሳታስቀር ታሰራጫለች። እጇ ግን አይሰንፍም። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋው ቡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀመች ትጥላለች። የለቃሚዎቹ ካቦ እናቷ ነበሩ። አባት ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ የኖሩት በዚሁ ለቀማ ነው።

የዚያን ዓመት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። አገሪቱ ከቡና ሌላ ይህ ነው የሚባል የምትሸጠው ነገር ስላልነበራት፣ ቡናው ሲረክስ ነዳጁም መድኃኒቱም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ የውጭ ገዢዎች «ጥቁር ፍሬ በዝቶበታል» ብለው አንድ ጭነት መልሰዋል። ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ አጥቶ ከረመ። አንድ ቀን ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች በመኪና መጡ፤ ከሣጥኖቹ ጋር ደግሞ አንድ ዝምተኛ መካኒክ መጣ።

መካኒኩ ማሽኑን ገጣጥሞ ሲጨርስ የናሙና ቡና የሚለይለት ሰው ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ሬዲዮን ላከለት።

«ጥቁሩን ለብቻ፣ የተሰበረውን ለብቻ፣ ጥሩውን ለብቻ ትለዪልኛለሽ?»

«ለምንህ ነው?»

«ማሽኑ እንዲያየው።»

«ማሽን ዓይን አለው እንዴ?»

«ካሜራ አለው» አለና ዝም አለ።

«አንተስ አፍ አለህ?»

ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ሲስቅ ከዕድሜው ያነሰ ይመስላል።

ማሽኑ ለቃሚዎቹን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አልመሰላትም ነበር። እሷ ስትለቅም ስታወራ፣ እሱ ብሎን ሲያጠብቅ ሲያላላ ቀኑ ይመሻል። አንድ ጠዋት ገና ሳትቀመጥ፣ «ጎረቤትሽ በመጨረሻ ከባሏ ታረቀች?» ብሎ ጠየቃት። ክው አለች። ትናንት የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ያቋረጠችው ወሬ ነበር። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ ይሰማታል እንጂ የሚያዳምጣት አልነበረም።

«ታረቀች» አለች፤ ወንበሯንም ወደ እሱ ጠጋ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረው መውጣት ጀመሩ። ዝናብ በጣለ ቀን ከበሩ ፊት ያለው ቦይ ሞልቶ ሊያሻግራት እጇን ያዘ። ቦዩን ተሻገሩ፤ እጇን ግን አልለቀቀም። እሷም ልቀቀኝ አላለችም።

ማሽኑ ሥራ በጀመረ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሴቶቹን ሰበሰበ። «ዓለም የሚሄድበትን ካልሄድን ድርጅቱም ይዘጋል» አለ። «ከዚህ ወር በኋላ ለቃሚ አንይዝም።»

ጉድ ነው። አንዲት ለቃሚ፣ «ለማሽኑ ዓይን የሰጠችውማ የካቦዋ ልጅ አይደለች!» አለች። እናቷ ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩም።

ሬዲዮ በቀጥታ መካኒኩ ዘንድ ሄደች።

«ሥራችንን እንደሚወስድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ የምታውቂ መስሎኝ። እንደማታውቂ ሲገባኝ ደግሞ ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«እንዳትመጪ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አንተ ባትተክለው ሌላ ሰው ይተክለው ነበር፤ ይሄ አይጠፋኝም። ሌላው ሰው ግን እጄን አይይዝም ነበር።»

ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ሲል ቤታቸው መጣ። እናቷ ግቢው ውስጥ ቆመው አነጋገሩት። «ሥራዬን ወሰድክ። አሁን ደግሞ ልጄን? አንዱን እንኳ ተውልኝ እንጂ!»

«ልክ ነዎት፣ እማማ» አለ። ዞሮም ወጣ። ሬዲዮ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰማችው፤ አልወጣችም።

ሴቶቹ ተበተኑ። ልብስ አጣቢ የሆነች አለች፣ ወደ ዘመዶቿ የተመለሰች አለች። እናቷ ገበያ ዳር ጎመንና ሽንኩርት መሸጥ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ሬዲዮን «ማሽኑ ላይ አንቺ ሥሪ» ሲላት እምቢ ብላ ወደ ቤት ገባች።

«እልህ ራት አይሆንም፣ ልጄ» አሉ እናቷ፤ ከስብሰባው ቀን ወዲህ ያናገሯት ገና ያኔ ነው። «አንቺ ባትቀመጪበት ተነቅሎ አይሄድ። ሂጂ።»

ሄደች። ሥራው ከበፊቱ አይከብድም፤ ደመወዙም ይሻላል። ችግሩ ድምፁ ነው። ማሽኑ ሲጮህ የገዛ ድምፅዋን እንኳ አትሰማም፤ ብትሰማም የምታወራው ሰው የለም። ቀስ በቀስ ቤትም ዝም ማለት ለመደች።

መካኒኩ አልፎ አልፎ ይደውላል። ማሽኑን መከታተል ሥራው ስለሆነ ነው የሚደውለው፤ እሷም ሥራዋ ስለሆነ ነው የምታነሣው።

«ማሽኑ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አይሞቅም?»

«አንዳንዴ ይሞቃል። ዝም ሲሉት ይበርዳል።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁ ጠፍቷል። የሚያዳምጠው የለም።»

«እኔ አለሁ» አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች።

በተከታዩ የመኸር ወቅት ነገሩ ተገለበጠ። ቡና ከሚያመርቱ ሌሎች አገሮች አንዱን ውርጭ መታውና ዋጋው ሰማይ ነካ። ሁሉም ገዢ «ቶሎ ጫኑ» ይላል፤ መርከቡ ወደብ ላይ ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ሳምንት መሐል ማሽኑ ፀጥ አለ። ውስጡ አንድ ዕቃ ተቃጥሏል፤ ምትኩ አገር ውስጥ አይገኝም።

ሥራ አስኪያጁ ገበያ ዳር ድረስ ወርዶ የሬዲዮን እናት ለመናቸው። ሴትዮዋ ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ አዳመጡት።

«እንደ ድሮው ሒሳብ አይሆንም» አሉ። «ማሽንዎ ታሟል። ሐኪሞቹ እኛ ነን፤ የሐኪም ዋጋ ይከፈለናል።»

ተከፈላቸው። ሊሰበሰቡ የቻሉት ሴቶች መጡና ረጅሙ ጠረጴዛ ዳር እስከ ዳር ሞላ።

መካኒኩም በማግሥቱ ደረሰ። ማሽኑን ፈታ፣ አየ፣ መለዋወጫ አዘዘ። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ተያዘ። ሆቴል ገብቶ መተኛት ሲችል እጅጌውን ሰብስቦ ከሬዲዮ እናት አጠገብ ተቀመጠና መልቀም ጀመረ።

«አንተ! ጥሩውን ነው እኮ የምትጥለው!»

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ከማሽኑም ብሰሃል።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ሳቀ፤ እስከ ማታ ግን አልተነሣም። በነጋታው ወገቡን እየያዘ ተመልሶ መጣ።

እናትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን አስገደደህ?» አሉት።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«አምና ከዚህ ጠረጴዛ ማንን እንዳስነሣሁ አላየሁም። ብሎኑን ነበር የማየው።»

ከፊቱ ከተከመረው ቡና ግማሹን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ከጀመርነው አይቀር፣ ልጄ ዛሬ ዛሬ ቤት ስትገባ አታወራም» አሉ። «ቤቱ መቃብር ሆኖብኛል። ሥራውን ትመልሳለህ ብዬ አልጠብቅም፤ እሱ ካንተም ከኔም በላይ ነው። የልጄን ወሬ የወሰድከው ግን አንተ ነህ። ምን እንደምታደርግ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ዕቃው ከጉምሩክ ወጣ። መካኒኩ ማሽኑን አስነሣው፤ ኮንቴይነሩም ተጭኖ ሄደ። ሴቶቹ ዋጋቸውን ተቀብለው ዳግመኛ ተሰናበቱ። ሥራ አስኪያጁ ለየት ላለው ምርጥ ቡና በየመኸሩ ጥቂት ለቃሚ እንደሚጠራ ቃል ገባ፤ የቀሩት ወደየኑሯቸው ተመለሱ። ጥሩ ዜና ነው ብሎ ያጨበጨበ የለም።

መካኒኩ ሬዲዮን በሩ ላይ ጠበቃት።

«የዚህን አካባቢ ማሽኖች ጥገና እኔ እንድይዝ ጠይቄ ፈቅደውልኛል» አለ። «እዚሁ ከተማ ቤት አይቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለሁለት ሰው።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው።»

አየችው። ጥፍሮቹ ሥር የቡና ገለባ ገብቷል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነው። ትናንት ቢሆን ተናግራ የማትጨርሰው ነገር ነበራት፤ የተቆጣችበትን፣ የናፈቀችበትን፣ ስልኩን ዘግታ ያለቀሰችበትን። «ጊዜ አለ» አለች በልቧ፤ «ቀስ እያልኩ እነግረዋለሁ።»

«መስኮት አለው?»

«አለው።»

«ወደ ጓሮ ነው ወደ መንገድ?»

«ወደ መንገድ።»

«እንግዲያው ወሬ አይጠፋም፤ ይሁን» አለች።

እናቷ ከሴቶቹ ጋር ቀድመው ቁልቁለቱን ጀምረዋል። መሐል መንገድ ላይ ቆም ብለው ዞሩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አዩአቸው።

«ምን ትገተራላችሁ?» ብለው ተጣሩ። «ኑ እንጂ፣ መሸ!»