ለአማት የተቀመጠ ጆግ

ሳጅን ማሊታ ምሶሳ ከሞተር ብስክሌቷ ሳትወርድ ዓይኗ ያረፈው ከማንጎው ግንድ ጋር በታሰረው ሰው ላይ ነበር። ከንፈሩ ተሰንጥቆ አብጧል፤ ከሸሚዙ የተረፈው አንድ እጅጌ ነው። ሬሳው ቤት ውስጥ ነው። ሴቶቹ እዚያው ያለቅሳሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ውጭ ቆመው ዱላ ያማርጣሉ።

«ፍቱት» አለች።

«ምን ሲደረግ!» አባባ ፍራክሰን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። የሟቿ የእማማ ኤኔሌሲ ታላቅ ወንድም ናቸው። የእናት ወንድም ማለት ደግሞ በዚህ መንደር የቤቱ ምሰሶ ነው፤ ሳይፈቅድ አማች አይገባም፣ ካዘዘም አማች ይባረራል። «እኅቴን በመርዝ የገደለ ነው የሚፈታው?»

«መርዝ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ቤቱን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰነበተ እኮ! ሕፃኑን፣ ትልቁን ልጅ፣ ሁለቱን ሴቶች፣ በመጨረሻ እኅቴን። እሱ ብቻ እንደ በሬ ደህና ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«እርስዎም ደህና ነዎት፣ አባባ። አብሬ ልሰርዎት?»

ከወንዶቹ መሃል አንዱ ሳቁ አመለጠውና በሳል አስመስሎ ዋጠው። ገመዱ ተፈታ።

የታሰረው ዎንጋኒ ይባላል፤ የሟቿ ትልቅ ልጅ የዚዮኔ ባል፣ የሰሜን ሰው ነው። ወንድ ሚስቱ አገር ገብቶ በሚኖርበት በዚህ መንደር አማች ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ነው። ከቀብሩ በፊት ጉባኤ ተቀምጦ ካባረረው ብርድ ልብሱን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱ ልጆቹ ግን የእናታቸው ወገን ናቸውና ይቀራሉ። ዎንጋኒ ያፈጠጠውም ዱላው ላይ አልነበረም፤ ልጆቹ የተኙበት ቤት በር ላይ ነበር።

«አማትህ ደጃፍ ጆግ አስቀምጠሃል ይላሉ» አለችው።

«አዎ፣ አስቀምጫለሁ።»

ወንዶቹ አጉረመረሙ። አማች የአማቱን ፊት አያይም፣ ደጃፏን አይረግጥም፤ መንገድ ላይ ካያት ጫካ ይገባል። ዎንጋኒም ካገባ ጀምሮ ከቤቱ ጓሮ ለብቻው ታጥቦ ለብቻው ሲበላ ኖሯል።

«ምን ነበረበት?»

«የፈላ ውሃ፣ ስኳርና ጨው። ለልጆቼም ያንኑ ነው ያጠጣሁት። ጤና ጣቢያ የተማረችው ዚዮኔ ናት፤ እሷ ከአልጋ መነሳት ቢያቅታት እየነገረችኝ እኔ በጠበጥኩ። ጆጉን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጮክ ብዬ አሳልኩና ሸሸሁ።»

«በእጅህ ብትሰጣትስ?»

ዎንጋኒ ሞኝ እንዳናገረው ሰው አያት። «ሳጅን፣ አማቴ እኮ ናት!»

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ!» አሉ አባባ ፍራክሰን። «ባዶውን ጆግ ከራስጌዋ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጠጥታ ጨርሳው ነው የሞተችው!»

ማሊታ ወደ ውስጥ ገባች። የሟቿ ዓይኖች ጎድጉደዋል፤ ከንፈሯ እንደ ቆዳ ደርቆ ጥርሷ ላይ ተጣብቋል። ማሊታ ትክ ብላ አየቻት። ከሬሳው አጠገብ የሟቿ ታናሽ ልጅ ኤሊዛ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከሕመሙ ገና መንቃቷ ነው።

«የምታበስዪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እኔንም እሰሪኛ!»

«ማን ቀድሞ ታመመ?»

«ሕፃኑ። በማግስቱ ትልቁ ልጅ ዳሊትሶ፣ ከዚያ እኔና ዚዮኔ፣ ከዚያ እማዬ።»

«ሕፃኑ የንሲማ ገንፎ ይበላል?»

«በየትኛው ጥርሱ? ጡት ብቻ ነው።»

«ጨርቁን ማን ያጥብለት ነበር?»

«እማዬ ናታ። ለማንስ ትሰጠዋለች!»

«ገበታ ስትቀርቡ እንዴት ነው የምትታጠቡት?»

«እንደ ሰው ነዋ! በአንድ ሳፋ። መጀመሪያ እማዬ፣ ቀጥሎ በየዕድሜያችን።»

«ጆጉንስ አየሽው?»

«የምን ጆግ?» አለች ኤሊዛ። «እኔ የሰማሁት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ፣ ውሃ ስትል ነው። ‹የጠጣችውን ነው የምታወርደው፣ ውሃ እንዳይሰጣት› ተብሎ ነበር።»

«ማን ነው ያለው?»

ኤሊዛ በበሩ በኩል ማንጎው ሥር ያሉትን አጎቷን አይታ ፊቷን ሸፈነች።

ማሊታ ስትወጣ ከደጃፉ ጎን፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ጉንዳኖች መሬቱን አጥቁረውታል።

«ሳጅናችን ጉንዳን ልታስር ነው!» አለ አንዱ።

«ከናንተ ይልቅ እነሱ እውነት ይናገራሉ» አለችና ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበች።

«መርዝ ከአንድ ድስት የበሉትን ባንድ ጊዜ ይጥላል» ብላ ጀመረች። «ይሄ ግን አንዱን ጥሎ ወደ ሌላው የሄደ ነው። የጀመረውም ከድስቱ ምንም ካልቀመሰው ሕፃን ነው። ስለዚህ በሽታ ነው። እማማ ጨርቁን አጠቡ፤ ባጠቡበት እጅ በክብር ቀድመው ሳፋው ውስጥ ታጠቡ፤ የቀራችሁትም በዚያው ውሃ ተከተላችሁ። ዎንጋኒን ያተረፈው ለብቻው መታጠቡ ነው። ከሳፋችሁ ያራቀው ነውር የምትሉት ልማዳችሁ ነው፤ ዛሬ በዚያው አሰራችሁት።»

«እና ልጆቹ ድነው እኅቴ ለምን ሞተች?» አሉ አባባ ፍራክሰን።

«ልጆቹ ጠጡ። እኅትዎ አልጠጣችም። ምላሷ ደርቆ ነው የሞተችው። ኤሊዛ አጠገቧ ተኝታ ጆግ አላየችም፤ ስኳሩ ደግሞ ግድግዳው ሥር ነው፤ ጉንዳኖቹ ይኸው ከበውታል፣ አንድም አልሞተም። ውሃ የከለከሉት፣ ዎንጋኒ ሲሸሽ ያዩትም እርስዎ ነዎት። የአማች እጅ የነካው ነው ብለው ደፉት። ባዶውን ጆግ ከራስጌዋ ያኖሩት ግን ከሞተች በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። «ውሃው ይጎዳታል ብዬ ነው» አሉ። «እየለመነችኝ... ይጎዳታል ብዬ ነው።»

«አምንዎታለሁ። ይወዷት ነበር። ለዚያ አላስርዎትም። ሰው በሐሰት ስለማስደብደብ ግን ከቀብሩ በኋላ ጣቢያ እንገናኛለን።»

ማሊታ እዚህ ላይ ያልቃል ብላ ነበር። ኩሩ ሽማግሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም። አባባ ፍራክሰን እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ቀጥ አሉ።

«ይሁን፣ አልገደለም። ደጃፏን ግን ረግጧል! የአማቱን ደጅ የረገጠ ይሄዳል፤ ልጆቹ ይቀራሉ። እዚህ ላይ ፖሊስ አያገባውም።»

«ማንም አይሄድም!»

ዚዮኔ ነበረች። ሕፃኑን አዝላ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ መጣች።

«ልጄ፣ ገና አልዳንሽም፤ ተቀመጪ» አሉ አጎቷ።

«አልቀመጥም! ደጃፉን ረገጠ ነው የምትለኝ? ረግጦ፣ ገብቶ፣ ቀና አድርጎ ቢያጠጣት እናቴ ዛሬ ትቆጣን ነበር! ከልጆቼ አባት ጋር እዚሁ እኖራለሁ። ፈቃድህን አልጠየቅኩም፣ አጎቴ።»

የባሏን ያበጠ እጅ ይዛ ጎተተችው። ዎንጋኒ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ከልማዱ ቆመ።

«ነውር ነው፣ ዚዮኔ! ነውር!» አሉ ሽማግሌው።

«ግባ» አለችው ባሏን።

ገባ። ዎንጋኒ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያላየውን ፊት ለረጅም ጊዜ አየው።

«ዚዮኔ» አለ፣ «ቁርጥ ዳሊትሶን ናት እኮ።»