ወረፋ ላይ የቀረው ደብዳቤ

ጌዲዮን በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአሮጌውን መዝገብ ቤት በር ይከፍትና መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ፕራግ ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ እዚህ የውሃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን አንድ የኢሜይል ሰርቨር አስነስቶ ማሠራት አምስት ሳምንት ፈጀበት። የመጀመሪያው ሶፍትዌር መመሪያው ራሱ መመሪያ ያስፈልገው ነበር፤ አንዱን መስመር ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሁለተኛው ለመጫን ቀለለው፤ የላከው ሁሉ ግን አይፈለጌ መልእክት ነው እየተባለ ተመለሰበት። ሦስተኛውን ለመምረጥ ኢንተርኔት ላይ ምክር ቢፈልግ፣ መካሪዎቹ እርስ በርሳቸው ሲሰዳደቡ አገኛቸው።

ሥራ አስኪያጁ "ኢሜይሉ ሠርቶ ልየው፣ መልቀቂያህን የዚያኑ ቀን እፈርማለሁ" ብለውታል። ሰኞ ሐዋሳ ላይ አዲስ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ያለ መልቀቂያ ግን አይቀበሉትም።

በመጀመሪያው ሶፍትዌር የመላኪያ ወረፋ ላይ፣ ያልወጡ መልእክቶች ተራ በሚጠብቁበት፣ እሱ ያልጻፈው አንድ ደብዳቤ ነበር። "ጉዳዩ፦ መልቀቂያ ስለመጠየቅ" ይላል፤ ላኪው ደምመላሽ። ሰረዘው። ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ሁለተኛውን ሲጭን፣ ገና አንድም ተጠቃሚ ሳይመዘግብ፣ ደብዳቤው እዚያው ቆሞ ጠበቀው። ሦስተኛው ላይም አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ የረጠበ ወረቀት ይሸት ጀመር፤ ለምሳ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስም፣ የወንበሩ መቀመጫ አሁን ሰው የተነሣበት ይመስል ሞቆ ይቆየዋል።

"እትዬ፣ ደምመላሽ ማነው?" አላቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ወይዘሮ ውድነሽን።

"ካንተ በፊት የነበረው ነዋ! እሱም ይኼኛው ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል ሲል ከረመ።"

"አሁን የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል?" አሉ ብዕራቸውን ከመዝገቡ ሳያነሡ። "ደብዳቤው ሳይወጣ ከዚህ ቤት ማን ወጥቶ ያውቃል? ይኼ ፈረንጅ አገር ነው እንዴ፣ ዝም ተብሎ የሚኬደው?" ሳቁበት።

አርብ ከሰዓት ሦስተኛው ሶፍትዌር ሠራ። ሥራ አስኪያጁ የሙከራውን መልእክት ስልካቸው ላይ አነበቡና መልቀቂያውን ፈረሙ። "በል በራስህ ኢሜይል ወደ ሐዋሳ ላከው" አሉት፤ "የመጀመሪያው ወጪ ደብዳቤ ያንተ ይሁን።"

ጌዲዮን የተፈረመውን ደብዳቤ ላከ። ወረፋው ላይ ሁለት ደብዳቤ ነበር፤ አንዱ ወጣ። በረጅሙ ተንፍሶ የቀረውን ሊሰርዝ ጎንበስ ሲል፣ የረጠበው ወረቀት ሽታ ከገዛ እጁ መጣበት። "ጉዳዩ፦ መልቀቂያ ስለመጠየቅ" ይላል። ላኪው ግን ደምመላሽ ሳይሆን ጌዲዮን።

ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ አልታዘዘውም። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። በተገረበበው በር በኩል የእሱን ኮት የለበሰ ጀርባ አየ።

"አንተ ጌዲዮን! ሳትስመኝ ልትሄድ ኖሯል?" አሉ ወይዘሮ ውድነሽ በኮሪደሩ፣ ሰውየውን አንገቱን አቅፈው እያገላበጡ እየሳሙት፤ "በል አትጥፋ!"

"ደግሞ ወዴት እጠፋለሁ፣ እትዬ?" አለ ሰውየው በጌዲዮን ድምፅ።