በዓለቱ ሥር የተዘጋው አየር

የጋዲሳ ሆርዶፋ አስከሬን በሐሮ ወንጪ ሐይቅ የጀልባ ማቆሚያ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር አረጋሽ ከአምቦ ስትደርስ ግን ሰዉ ሬሳውን ትቶ ሌላ ሰው ከብቦ አገኘችው። መሃል ላይ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁ በካቴና ታስሮ የተቀመጠው ቡርሃን ነበር። ሚሊሻዎቹ ባይከላከሉለት ኖሮ በድንጋይ ይወግሩት ነበር።

ሟቹና ቡርሃን ጅቡቲ ወደብ ላይ ጠላቂ ሆነው አብረው የሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ጋዲሳ ወደ አገሩ ሲመለስ ሐይቁ ላይ ጎብኚ የሚያንሸራሽርበት ጀልባ ገዛ። ባለፈው ሳምንት ያ ጀልባ ተገለበጠና የቡርሃን ታናሽ እህት መሊካ ሰጠመች። አስከሬኗ አልተንሳፈፈም። ከውኃው በታች፣ ሰው በሆዱ ተኝቶ ብቻ በሚያልፍበት የዓለት ዋሻ ውስጥ ሳትገባ አትቀርም ተባለ። እናቷ መድና አምቦ ያለውን የጨርቅ ሱቋን ዘግታ መጥታ፣ ልጄን ሳልይዝ አልሄድም ብላ ዳር ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ጓደኛሞች ጅቡቲ አለቃቸው የነበረውን አዱኛን መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ ለመኑት፤ ዛሬ ጠዋትም አዱኛ ዳር ላይ ቀርቶ ሁለቱ አብረው ጠለቁ።

ቡርሃን የወጣው እህቱን ሳይሆን የጋዲሳን ሬሳ ይዞ ነው። ሟቹ ጀርባ ላይ ያለው የአየር ሲሊንደር ገና አየር ነበረው። አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ጀልባ ላይ ብቻቸውን ሆነው ጋዲሳ የታሰረበትን የደኅንነት ገመድ ይዘው የነበሩት አባቱ ኦቦ ሆርዶፋ ናቸው። አረጋሽ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ ሳያወጡ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«ይሄ ልጅ የእህቱን ደም ነው የተበቀለው» አሉ። «ቫልቭ በራሱ አይዘጋም። ታች ከእሱ በቀር ማን ነበር?»

ስለ ገመዱ ስትጠይቃቸው፣ ቡርሃን እስኪወጣ ድረስ ላላ እንዳለ ነበር፣ አልነካሁትም አሏት።

አረጋሽ ሸራውን ገለጠች። የጋዲሳ የጎማ ጃኬት እስከ ብብቱ ድረስ ተጠቅልሎ ወጥቷል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ጠጠር ታምቋል። ገመዱ የታሰረው ከኋላ ወገቡ ላይ ነው። የቫልቩ ጎማ እጀታ ዙሪያውን ተፍቆ፣ በስንጥቆቹ ውስጥ የዓለት ዱቄት ገብቶበታል።

አዱኛን ለብቻው ወሰደችው።

«ጠዋት ቫልቩን ራሴ ከፍቻለሁ። የመተንፈሻውንም ጎማ ዓለት እንዳይዘው ደረቱ ላይ አስሬለታለሁ» አላት።

«ቫልቩንስ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም?»

«መከለያ ብረት ነበረው። በጠባብ ቦታ ገመድ ይይዛል ብዬ አወለቅኩት። የዋሻውን ጣሪያ በነካህ ቁጥር እጅህን ወደ ኋላ ልከህ ዳስሰው አልኩት። እዚያ ውስጥ ክርኑን ማጠፍ እንደማይችል አላሰብኩም።»

ቡርሃን ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል ነበር ያናገራት። ከፊት የነበረው እሱ፣ ከኋላ ጋዲሳ እንደሆነ ነገራት። እሱ ራሱ የመሊካን ቀሚስ ጫፍ ይዞ ነበር።

«በእግሬ በኩል ሳይ የጋዲሳ መብራት ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁ። ትቶኝ የሄደ መስሎኝ ረገምኩት። ዝም ብዬ መተው ግን አልቻልኩም፤ መሊካን ለቅቄ ተከተልኩት። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ አይተነፍስም።»

«ለምን ይህን ቀድመህ አልተናገርክም?»

«ማን ያምነኛል፣ ኢንስፔክተር?»

ከሰዓት በኋላ አረጋሽ ሁሉንም ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሰበሰበቻቸው። አዱኛ ሌላ ሲሊንደር አዝሎ በሆዱ እንዲተኛ አደረገች። ሁለት ሚሊሻዎች ሻካራ ሳንቃ ከቫልቩ በላይ እንደ ጣሪያ ያዙ።

«ወደ ፊት ሳብ በል» አለችው። አዱኛ በክርኑ ወደ ፊት ሲሄድ እጀታው ሳንቃውን እየታከከ ዞረ። ወደ መክፈቻው ነበር የዞረው።

«እንግዲህ ጋዲሳ ሲገባ ዓለቱ ቫልቩን ይከፍተው እንደሆነ እንጂ አይዘጋውም። አሁን በእግሩ በኩል ወደ ኋላ ጎትቱት።»

ሲጎትቱት እጀታው በተቃራኒው ዞረ። ደጋግመው ጎተቱት፤ በመጨረሻ ቫልቩ ተዘጋ።

«በእጅ የተዘጋ ቫልቭ ዙሪያውን አይፋቅም» አለች። «ጃኬቱም ወደ ብብቱ የተጠቀለለው፣ ጠጠሩም ከወገቡ በኩል የገባው በእግሩ በኩል ወደ ኋላ ስለተጎተተ ነው። ቡርሃን ከፊቱ ነበር፤ እግሩን ወደ ጋዲሳ አድርጎ ተኝቶ፣ ሰውን ያን ያህል መንገድ ወደ ኋላ ሊገፋው አይችልም። የጎተተው ከውጭ ያለ ሰው ነው። ከውጭ ደግሞ ወገቡ ላይ የታሰረ አንድ ገመድ ብቻ ነበር።»

ወደ ሽማግሌው ቀርባ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡት። መዳፋቸው በእርጥብ ገመድ ተልጦ ቆዳው ተነስቷል።

ኦቦ ሆርዶፋ የተናገሩት ለእሷ ሳይሆን ለቡርሃን ነበር። ጠዋት ሲጠልቅ ፊቱን አይተው እንደፈሩት ነገሩት። እህቱን የሚያገኝባት ደቂቃ ለልጃቸው የመጨረሻ ትሆናለች የሚል ሐሳብ ያዛቸው። ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያ አቃታቸው።

«ከአንተ ላድነው ነው የሳብኩት» አሉት። «ገመዱ አንድ ጊዜ ያዘብኝ፤ አንተ የያዝከው መሰለኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ሞቶ ሲወጣ አንተ ቀድመኸኛል አልኩ። ሌላ ማሰብ አልፈለግሁም።»

ከዚያ ወደ አረጋሽ ዞሩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አትዋሺኝ። ባልስበው ኖሮ ይወጣ ነበር?»

«አየር ነበረው፣ አባቴ። ይወጣ ነበር» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብለው የተጠቀለለውን ጃኬት ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ይስቡ ጀመር። እርጥብ ጎማ ስለሆነ አልወርድ አላቸው።

ካቴናው ሲፈታለት ቡርሃን ወደ እናቱ ሄደ። መድና ቀና ብላ መሊካን አየሃት ወይ ብላ ጠየቀችው። አየኋት አላት። ይዣት ነበር የሚለውን ግን ሊነግራት አልቻለም።

በማግስቱ አዱኛ መከለያ ብረቱን መልሶ ገጥሞ፣ ከቡርሃን ጋር ጠልቆ መሊካን አወጣት። አምቦ ስትቀበር ኦቦ ሆርዶፋ የገዛ ልጃቸውን ለቅሶ ትተው መጥተው ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሙ፤ አልገቡም። ቡርሃን አያቸው። ሄዶ ሊያናግራቸው አሰበ፤ ግን አካፋውን እንደያዘ እዚያው ቀረ። መድና ጥሯቸው ብላ ሰው ስትልክ፣ ሽማግሌው ወደ ወንጪ የሚሄደውን መኪና ተሳፍረው ሄደዋል።