ሳይጠረግ የቀረ ስም

ደምሌ ማጅራቱን በሚዛን ብረት ተመትቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጊዜው የደርግ፣ ቦታው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ የእርዳታ እህል መጋዘን ነው። ጄኔሬተሩ ገና ይጮኻል፤ ስክሪኑ ላይ MOLARE የሚል ተጽፏል።

ሟቹ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነበርና ሰውን እንደ ሰው አያይም። ክፍሉ የገባ ሁሉ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ቆሞ ስሙን በማሽኑ ሳይመታ አያናግረውም። የምሁር ሰላምታ እንዲህ ነው።

ዘበኛው ሞላ ታስሯል። ነገ «አሻጥረኛ» ተብሎ ወደ ደብረ ታቦር ሊላክ ነው፤ በዚያ ዘመን በዚህ ስም ሄዶ የተመለሰ የለም።

መርማሪው መቶ አለቃ ታከለ የመጋዘኑን ኃላፊ ታፈረን ጠየቀ።

«ጋሽ ታፈረ፣ ትናንት ደምሌን አይተውታል?»

«እኔ? ክፍሉን ከረገጥሁ ሰነበትሁ። ማሽኑ ራሱ ሞላ ብሎ መስክሮ የለም እንዴ!»

«ከሞላ በኋላ መጨረሻ ላይ ያለችው REስ?»

«የማሽን ቅብጥርጥር ነዋ!»

ታከለ ትናንት ክርስትና ላይ ወደ ዋለችው ጸሐፊ፣ ወደ ውብነሽ ዞረ።

«እህቴ፣ ማሽኑ ይቀባጥራል?»

«ደምሌ ሊያርመው ሲታገል የነበረው እሱን ነው። ሲ በሚሉት ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም ለስም የሚሆን ቦታ ከማሽኑ ይጠይቃል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። የተመለሰውን የሚጠርግ ግን የለም፤ ለሚቀጥለው ስም ያው ቦታ ይሰጣል። ስሙ የሚያበቃበት ላይ ዜሮ መቀመጥ ነበረበት። ደምሌ ዘለለው፤ ማሽኑም የት እንደሚያቆም አያውቅም።»

«ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣስ?»

«ያኔ ቦታው ባዶ ነው። ትናንትም ጄኔሬተሩ በበራበት አመሻሽ ላይ ነው የተነሣው።»

ታከለ ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበ፤ ሞላንም ከነገመዱ።

«ገብስ በተወቃበት አውድማ ሳይጠረግ ጤፍ ቢወቃበትስ?»

«ጤፉ ውስጥ ገብስ ይገኛላ፣ ጌታዬ» አለ ሞላ።

«ውብነሽ፣ ማሽኑን አጥፍተሽ አስነሺ። ስምሽን ምቺ፤ ቀጥለሽ ሞላ በዪ።»

MOLAESH ወጣ።

«ጭራዋ የውብነሽ ናት። እንደገና ከባዶ ጀምሪ፤ መጀመሪያ ታፈረ፣ ከዚያ ሞላ።»

MOLARE።

«ገዳዩ እንደ ወጉ ስሙን መትቶ ገባ። ገድሎ ሲያበቃ የሞላን ስም በላዩ ጻፈ። ሞላ ግን አጭር ነው፤ የታፈረን ጭራ አልሸፈነም።»

ታፈረ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ዕድሜዬን መጋዘን ጠብቄ፣ ልጄ በሚሆን ሰው ፊት ስሜን እንደ ፊደል ቆጣሪ! ትናንት ደግሞ "ከእንግዲህ አታስፈልግም" አለኝ። አንተ ብሎ!»

ታከለ ሞላ እንዲፈታ አዘዘ።

ገመዱን ሲፈቱለት ሞላ ወደ ስክሪኑ ቀረበ።

«የትኛዋ ናት የኔ?»

«እስከዚህ» አለች ውብነሽ፣ በጣቷ እያሳየች። ትርፏን ልታጠፋት እጇን ዘረጋች።

«ተያት ልጄ» አለ ሞላ፤ «እሷ ናት ያወጣችኝ።»